ሰሙን የጣለ ወርቁን አያገኝም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ሙግቴን ከሥሩ ልጀምር። ስለ ቅኔ የሚያስተምሩን፣ በየመድረኩ የሚያብራሩልን፣ በየጋዜጣው የሚተነትኑልን ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ ቢጣሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። «ሰሙን ጥለህ ወርቁን ያዝ» ይሉናል። በእነሱ ቤት ሰም ማለት ልጣጭ ነው፤ ገለባ ነው፤ ለተላላ የተተወ የላይ የላዩ ትርጉም ነው። አዋቂ የሚባለውም ልጣጩን ልጦ ፍሬውን የሚበላ ነው። ይህንኑ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን አደግን፤ በፈተናም ተጠየቅን፤ መልሰንም አለፍን።

እኔ ግን አባባሉ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ስሕተትነቱ በወረቀት ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን በቃል የምንንቀውን ሰም በጓዳችንም እንንቀዋለን። በገበያችንም እንንቀዋለን። ቃሉ ንቀቱን ወለደው አልልም፤ ንቀቱ ከቃሉም በፊት ሳይኖር አልቀረም። ሁለቱ ግን አንዱ ላንዱ ምስክር ሆነው ይኖራሉ። በዚህም መካከል የሚከስረው ሌላ ሰው ነው፤ ከፋ ጫካ ውስጥ በገመድ ተንጠላጥሎ ቀፎ የሚሰቅለው ገበሬ ነው።

አንጥረኛው ምን ይላል?

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። እንግዲያው ዳኝነቱን ለአንጥረኛው እንስጠው። አንጥረኛ ጌጥ ወይም መስቀል ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ ወርቁን አይነካም። ሰም ያነሣል። ሰሙን በእጁ ሙቀት ያለሰልሳል፤ ይጠፈጥፋል፤ ይቀርጻል፤ ሐረጉንና ጉብጉቡን ያወጣበታል። ከዚያ በኋላ በጭቃ ይመርገዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወርዳል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል።

እስቲ ልብ እንበል። ወርቁ መልኩን ከየት አመጣው? ከሰሙ ነው። በሰሙ ላይ የጣት አሻራ ቀርቶ እንደሆነ አሻራው ወርቁ ላይ ይታያል። ሰሙ ተሰንጥቆ ከነበረ ስንጥቁ ለወርቁ ይተርፋል። ሰሙን አሳምሮ ያልቀረጸ አንጥረኛ የሰሎሞንን ወርቅ ቢያፈስስበት የሚያወጣው እብጠት ብቻ ነው። ደግሞም አስተዋይ አንጥረኛ የሚወርደውን ሰም መሬት ላይ አያፈስሰውም፤ ዕቃ ደቅኖ ይቀበለዋል፤ ለነገ ሥራው ያስቀምጠዋል። «ሰሙን ጣል» የሚለው ትምህርት እንግዲህ ከየት መጣ? ከአንጥረኛው አልመጣም። ከቅኔ ቤትም አልመጣም፤ በቅኔ ቤት ሰሙ በራሱ ያልቆመለት ተማሪ ወርቅ አለኝ ቢል የሚሰማው የለም። የመጣው ሰም ቀልጦ ሲወርድ በዓይናቸው አይተው ከማያውቁ ተንታኞች ነው።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1965 በቺካጎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ስያሜው በውጭ ዩኒቨርሲቲዎችም ታወቀ። በዚህ ርዕስ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። የተነገረው ሁሉ ግን በቃል ስላለው ሰም ነው። ንብ ስለምትሠራው፣ እጅ ስለሚያጣብቀው፣ ዋጋ ስላለው ሰም ማን ተናገረ?

ሺሺንዳ ላይ የሚደፋው

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ሺሺንዳ ትገኛለች። አገሩ የከፋ ዞን ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ይገኛል። የጫካ አገር ነው። ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነው የከፋ ምድር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰው ሁሉ ከፋን በቡና ያውቀዋል፤ ቦንጋ ላይም የቡና ሙዚየም ቆሞለታል። ደግ ተደረገ። ነገር ግን ቡናው በተጠለለበት ዛፍ ጫፍ ላይ ሌላ ሀብት አለ።

የከፋ ንብ አናቢ ረጅም ዛፍ መርጦ በገመድ ይወጣል፤ ቀፎውን ከቅርንጫፍ ላይ ያስራል። በካፊኖኖ «ቡቶ» የሚባለው ጌተም ሲያብብ ነጭ ማር ይሰጠዋል፤ ብሳናውና ግራዋውም በየወራቸው ያብባሉ። ማሩ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም። ከነእንጀራው ይወርዳል። እንጀራው ደግሞ ሰም ነው። ማሩ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ሰሙ ከጋኑ አፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል፤ ሰፈፍ ይባላል።

አዲስ አበባና በመሰሉት ከተሞች ከጠጅ ቤት የሚወጣውን ሰፈፍ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። አገራችን ወደ ውጭ የምትልከው ሰም በብዛት የሚነሣው ከዚሁ ከጠጅ ቤት ጓሮ ነው። ከከተማ ርቆ ባለ ቦታ ግን ገዢ የለም። ሺሺንዳ ላይ ጠጅ የሚጥሉ አንዲት እናትን «እማማ፣ ሰፈፉን ምን ያደርጉታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው። ምን ይደረጋል? ይደፋል እንጂ! ወስደው ቢያቀርቡት የሚቀበላቸው እንደሌለ፣ ሰሙን አጥርቶ መሸጥንም ያሳያቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። እሳቸውን የሚወቅስ ልብ የለኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል የሚወቀሰው ያዢው ብቻ አይደለም፤ ወርቅነቱን ያልነገረውም ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። በባህላዊ ቀፎ ከተገኘ 100 ኪሎ ድፍድፍ ማር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሰም ይወጣል። ሰሙን የምታመነጨው ሠራተኛዋ ንብ ናት፤ ከሆዷ ሥር ባሉት ዕጢዎች እንደ ቅርፊት እያወጣች በአፏ ታላምጠዋለች። 1 ኪሎ ሰም ለማውጣት ንቦቹ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ ይባላል። እንግዲህ 8 ኪሎ ሰም የደፋ ሰው ንቦች ቢያንስ 48 ኪሎ ማር ከፍለው የገዙትን ሀብት ደፍቷል። ኢትዮጵያ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ሰም አምራቾች አንዷ ናት እያልን እንፎክራለን። የምንፎክረው ግን ከመደፋት በተረፈው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

ለአሻንጉሊት ሰም የሚያለቅሱ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ከሩቅ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። ኤድዋርድ ክሬቨን ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ እንግዳ መብራት ለገበያ አቀረበ። ላቫ ላምፕ ይሉታል። በጠርሙስ ውስጥ ቀለም የገባበት ፈሳሽና ሰም አለ፤ ከሥሩ አምፖል ይበራል። ሰሙ ሲሞቅ ያብጣል፤ ከፈሳሹ ጥቂት ይቀልላል፤ እንደ ደመና እየተድቦለቦለ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሰጥማል። ከጠርሙሱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅል የተበታተነውን ሰም መልሶ ያገናኘዋል። ጠቅላላው ጥበብ ይኸው ነው። የሌቪን መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1965 የአሜሪካ ነጋዴዎች መብቱን ገዝተው እዚያው ቺካጎ ውስጥ ያመርቱት ጀመር። አንዲት ከተማ በአንድ ዓመት የእኛን የቃል ሰም በመጽሐፍ፣ የእነሱን የፓራፊን ሰም በጠርሙስ አወጣች ማለት ነው።

የዛሬ ስድሳ ዓመት የተሠሩት መብራቶች አርጅተዋል። ፈሳሻቸው ደፍርሷል፤ ሰማቸው ተፈርፍሯል። ታዲያ በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህን የሚያድሱ ሰዎች አሉ። የደፈረሰውን ፈሳሽ ይቀዳሉ፤ ሰሙን በለብታ ውሃ ያጥባሉ፤ የተጣራ ውሃ ይሞላሉ፤ ሰሙና ውሃው እንዲለያዩ ጥቂት ጠብታ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ሰሙ አልነሣም ሲላቸው ውሃውን ለማክበድ ጨው በቁንጥር እያደረጉ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ። በጥንቃቄም ይሠራሉ፤ በድሮዎቹ ሰሞች ውስጥ ለማክበጃ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል መርዛም ኬሚካል ይገባ ነበርና። የመጀመሪያው ሰም ይጠበቅ ወይስ ይለወጥ በሚለው ነገር ይከራከራሉ፤ ይኳረፋሉም።

አንባቢ ሆይ፣ በሰዎቹ ልሳቅ ብዬ አላነሣኋቸውም። የሚገርመኝ የእኛ ነው። እነሱ ከነዳጅ ዘይት ለወጣ አንድ ብርጭቆ ፓራፊን፣ ለቤት ጌጥ፣ ይህን ያህል ይደክማሉ። በጠርሙሳቸው ውስጥ ሰሙን ከውሃው ጋር ለማመዛዘን በግራም ይለካሉ። የእኛ ሰም ሚዛን አያስፈልገውም። የንብ ሰም ክብደት ከውሃ ጥቂት ያንሳልና በጋኑ ውስጥ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ ላይ ይመጣል። «ውሰዱኝ» እያለ ይንሳፈፋል። እኛም ገፍፈን እንደፋዋለን።

ማጥራቱስ ከባድ ነውን? በፍጹም። ሰፈፉ ይታጠባል፤ በጆንያ ይቋጠራል፤ ውሃ ባለበት የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ይገባል፤ ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ውሃው መፍላት የለበትም፤ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ሰሙ ይጠቁራል። የብረት ድስትም ያጠቁረዋል። ያለ ውሃ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ጆንያው በዱላ ሲጫን ሰሙ ወደ ውሃው ይወጣል፤ በዝግታ ሲበርድ ከላይ ረግቶ ይገኛል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቆሻሻ በቢላ ይፋቃል። ጠጅ መጣል የምታውቅ ሴት ይህን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃታል።

ፓራፊን የንብ ሰም ነው የሚሉን

የጣልነው ሰም ቦታው ባዶ አይቀርም። ሌላ ነገር ይገባበታል። የገባው ፓራፊን ነው፤ አንዳንዴም ሞራ ነው። ፓራፊን በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ የምናበራው የሱቅ ሻማ እሱ ነው። ኃጢአቱ ያለው ፓራፊኑን ከሰም ቀላቅሎ «ንጹሕ ሰም» ብሎ በሚሸጠው ላይ ነው። ጧፍ ለመቅደስ የሚገዛ ምእመን የሚሰጠው መባ ነው። መባውን የነዳጅ ተረፈ ምርት አድርጎ የሚሸጥለት ሰው ገንዘቡን ብቻ አልሰረቀውም።

ይህን የሃይማኖት ጉዳይ ነው ብሎ የሚተው ካለ ወደ ቀፎው ይምጣ። ዘመናዊ የሚባለው የፍሬም ቀፎ ሥራ የሚጀምረው በሰም ነው። የንቧን እንጀራ ቅርጽ የታተመበት የሰም ገበታ በየፍሬሙ ይገባል፤ ለአንድ ቀፎ ወደ 1 ኪሎ ሰም ይፈጃል። በዚህ ገበታ ውስጥ ባዕድ ነገር ከገባ ገበታው በሙቀት ይለጠጣል፤ ይወርዳል፤ ንቦቹም አንሠራበትም ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በቤልጂግና በሆላንድ ስቴሪን የተቀላቀለበት ሰም ለንብ አናቢዎች ተሸጦ እጮቹ በየሴላቸው ሞተዋል። ላቦራቶሪ በየደጁ ባለበት አገር ይህ ከደረሰ በእኛ አገር የደረሰውን ማን ቆጠረው?

«ይህ ሁሉ ለሰም?» ለሚሉ

ተቃዋሚዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ክርክራቸውንም ላቅርብላቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ገበሬው ከማሩ ያግኝ፤ ሰም ትርፍራፊ ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ ገበሬው ኪስ ያስቡ እንደሆነ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ማር ይቦካል፤ ይሞቃል፤ ዕቃ ይፈልጋል፤ በመንገድ ይፈስሳል። ሰም ይሻግታል ወይ? ይቦካል ወይ? ንጹሕ ሰም ለዓመታት ቢቀመጥ አይበላሽም። ሺሺንዳን ለመሰለ ከዋናው ገበያ ለራቀ አገር ከዚህ የተሻለ ሸቀጥ ከየት ይመጣል? አንድ ቤት የሚያወጣው ጥቂት ነው ይሉ ይሆናል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳ ጠጅ ጣይ ሰፈፏን በአንድ ቦታ ብታጠራቅም የመኪና ጭነት የሚሆንበት ቀን ይመጣል።

ሁለተኞቹ የልማት ሰዎች ናቸው። «ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይሰጣል፤ የፍሬም ቀፎ ከ15 እስከ 20 ይሰጣል፤ ሰሙን ትተን ማሩን እናብዛ» ይላሉ። የማሩን ቁጥር አልክድም። የፍሬም ቀፎ ማሩ በመዘውር ተሽከርክሮ ይወጣና እንጀራው ለንቦቹ ይመለሳል፤ ስለዚህ ለገበያ የሚተርፈው ሰም እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ ለእያንዳንዱ አዲስ ቀፎ የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ሰም ከየት ይምጣ? የሚመጣው ከባህላዊው ቀፎና ከጠጅ ጋኑ ብቻ ነው። ባህላዊውን ቀፎ ኋላ ቀር ብሎ የሚሰድብ ባለሙያ የራሱን ዘመናዊ ቀፎ መሠረት እየቆፈረ ነው። ቀፎ ሲያድል ሰሙን ከማን እንደሚገዛ ሳያስብ ካደለ፣ ሰም የሚገዛው ከቀላቃዩ ነው።

ሦስተኞቹ «ብርሃን ብርሃን ነው፤ ድሃ ርካሹን ይግዛ» ይላሉ። ይግዛ። ማንም አልከለከለውም። ነገር ግን ርካሹን በርካሽ ዋጋው፣ በስሙም ይግዛ። ድሃው ፓራፊኑን በሰም ዋጋ እየገዛ ለድሃ አሰብኩለት ማለት ድሃውን ሁለት ጊዜ መዝረፍ ነው። ደግሞስ ፓራፊኑ ከየት ይመጣል? ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ። የራሳችንን ሰም ጓሮ ደፍተን የሰው አገር ነዳጅ ተረፈ ምርት በዶላር እንገዛለን።

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እሱም ጫካው ነው። በከፋና በሸካ «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ በተለየ የጫካ ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት ለባለቤቱ የሚታወቅበት ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ጠባቂ አለው። ቀፎው ጥቅም ካልሰጠ ግን ዛፉ ማገዶ ነው፤ ጣውላ ነው፤ የበቆሎ ማሳ ነው። ለአንድ ዛፍ ማር ብቻ የሚከፍልለትና ማርም ሰምም የሚከፍልለት ገበሬ መጥረቢያውን እኩል አያነሣም። ዩኔስኮ የመዘገበውን ጫካ የምስክር ወረቀት ብቻ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው ዛፉ ቆሞ ሲያበላው ያየ ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል በሰም ጉዳይ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ዕውቀቱ በሪፖርት ከሚቀር በየወረዳው ጠጅ ለሚጥሉ ሴቶች ይድረስ። የማር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማር ሲገዙ ሰፈፍም አብረው ይግዙ፤ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፉ። አብያተ ክርስቲያናት ጧፍ ሲገዙ ሻጩን «የምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ንጹሕ ለሚያመጣው የተሻለ ዋጋ ይክፈሉ፤ አንድ ደብር ብቻውን ቢጀምር እንኳ ቀላቃዩ ይደነግጣል። አገራችን ማሯን በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ለማስገባት የሚያስችላትን ዕውቅና እ.ኤ.አ. በ2008 ያገኘችው ማሩ ንጹሕ መሆኑን በምርመራ ማሳየት ስለቻለች ነው። ለማሩ የተቻለው ለሰሙ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ለሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወርቁን ፈልጉ፤ ማንም አልከለከላችሁም። ነገር ግን ለተማሪዎቻችሁ «ሰሙን ጣሉ» አትበሏቸው። «ሰሙን በደንብ ያዙት፣ ወርቁ በእሱ ልክ ነው የሚፈስሰው» በሏቸው። ከተማሪዎቹም አንዱ የሺሺንዳ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እናቱም ዛሬ ሰፈፍ ትደፋ ይሆናል።